ካዝሚር

በሰኔ ሐሩር ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
በስልኬ ቀዳዳ ቁጣ በቁጣ ሲመጣ፣
«ኮንቴይነሩ የታል?» «ማኅተሙስ?» «ቀረጡ?»
ሦስት ሰዎች ባንዴ ጆሮዬን ሲቆርጡ፣
እኔ፣ ትራንዚተሩ፣ ምሳዬን በቁሜ፣
የሳምቡሳው ዘይት እስኪደርስ ከደሜ፣
ለስላሳ አስከትዬ፣ ሻይ በአምስት ማንኪያ፣
ደረቴን አረግሁት የባጃጅ መጋለቢያ።

ጃቢር የሥራ ባልደረባዬ «ቃም፣ ይለቅሃል» አለኝ፤
ለቀቀኝም፤ ሌሊት ዘጠኝ ላይ መልሶ ያዘኝ።

ግቢው ውስጥ አልጋዬን አውጥቼ ስተኛ
(ድሬ ሲሞቅ ሁሉም የሰማይ ጓደኛ)
ኮከብ እቆጥራለሁ፤ ኮከቡም ሰነድ ነው፤
አንዱ ማኅተም የለው፣ አንዱ ቀኑ ያለፈው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ። ግፊቴን ለካችው
ሲስተር ዘምዘም፤ ዝም ብላ ቁጥሩን አየችው።
«ልብህ ደህና ነበር፤ የሚበላው ሲያጣ
አንተኑ ጀመረህ፤ ጥርስ አወጣ።»
ማዘዣ ሰጠችኝ። ፋርማሲ ልሄድ ስል
ገልጬ አነበብኩት፦ «ቀፊራ። ቅጠላ ቅጠል።
የማሽላ ገንፎ። ፓፓያ። ካዝሚር ለማታ።
ውሃ። ተቀምጦ መብላት። በእርጋታ።»

ሳቅሁ። ኮንቴይነር በፓፓያ ይፈታል ወይ? አልሁኝ።
ግን እግሬ ቀደመኝ፤ ቀፊራ ተገኘሁኝ።

ከገበያው ቅስት ሥር ኢፍቱ ተቀምጣለች፤
ካዝሚሯን በእርከን እንደ እንቁላል ደርድራለች።
ከላይ ሲያዩት ጥሬ፣ ፊቱ የማይናገር፣
ብስለቱን ለጣት ብቻ በሹክሹክታ የሚነግር።
«ስንት ነው?» «ቆይ፣ እየበላሁ ነው» አለችኝ፤
ሳህኗ ጭኗ ላይ ነው፤ ቀና ብላም አላየችኝ።
ማሽላ ነው፣ ጎመን፣ የግመል ወተት በጣሳ፣
ሆዳን ከሽንሌ ያመጣችው ለምሳ።
ገበያተኛ ቆመ፤ ሁለት ሆነ፤ አራት፤
ኢፍቱ ታላምጣለች ማንም እንዳልጠራት።

«እህት፣ እቸኩላለሁ!» አልኳት በንዴት።
«እኔም ቸኩዬ ነበር» አለች፣ «አንድ ሌሊት፣
ደቻቱ ሲሞላ፣ በሬን ሲመታው ውሃው፤
ልጆቼን አወጣሁ፤ እዚያው ቀረ ዕቃው።
ከዚያ ወዲያ ሆዴን ፍርሃት ተከራየው፤
ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እህል አስጠላው።
ዓመት ሙሉ ሻይ ብቻ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ሚዛኔ አልቆም አለ፤ ደንበኛዬ ፈረጠጠ።
አሁን ግን ሰማዩ ቢጠቁር ባይጠቁርም፣
ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዬን አልሽርም።»

እጇን ታጥባ መጣች፤ ፍሬውን ነካካች፤
አንዱን ለዛሬ ማታ፣ አንዱን ለነገ ለካች።
«እንቅልፍ ያመጣል ይላሉ፤ እኔ አላውቅም፤
የሚያላምጥ አፍ ግን ራሱን አይጨቀጭቅም።»

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም፤ ሳህኑን ጨረስሁ፣
ምን እንደ በላሁ ግን ማታ ላይ ረሳሁ።
በሁለተኛው ስልኬን በፊቱ ደፍቼ፣
ከከዚራ ዛፍ ሥር ሳህኔን ዘርግቼ፣
የትናንት ማሽላ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ምስር፣
አንድ ጉርሻ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለቱን ሳስተሳስር፣
ቃሪያው ያቃጥላል። እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር፤
ስንት ዓመት በልቼው፣ ዛሬ ገና ሲነግረኝ ነገር።

ኮንቴይነሩ አልወጣም። ኪራዩ ይቆጥራል።
አለቃዬ ይጮኻል፤ ነገም ይጮኽ ይሆናል።

ማታ አልጋዬ ላይ ካዝሚሩን ከፈልሁት፤
ቅቤ የመሰለ ልቡን በማንኪያ ጠረግሁት።
ኮከብ መቁጠር ጀመርሁ፤ አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት፤
አራተኛውን እንጃ።

ሲነጋ የካዝሚሩን ዘር መዳፌ ላይ ተጣብቆ
አገኘሁት፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ።