ጳጉሜን የማያውቅ ሠንጠረዥ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከቀለም ሱቁ አናት፣
ስድስት አልጋ ባለው ባለ አንድ መስኮት ቤት፣
ማቀዝቀዣው ሲያስል እንደ ደከመ አዛውንት፣
ዓይኔ ቀልቶ ቁጭ ብያለሁ፤ ሌሊት።

ቀን የኩባንያው ነኝ። ኮንቴይነር እቆጥራለሁ፤
የትኛው ወደብ ላይ ስንት ቀን እንዳደረ አውቃለሁ።
አንዲት ሣጥን ሳትከፍል አንድ ቀን ብትውል
ይጮኻል ፕሮግራሜ፦ ‹ይከፈል! ይከፈል!›

የመጣሁት ግን ገመድ ልዘረጋ ነበር፣
ከጣሪያ ወደ ጣሪያ፣ በሐምሌ ሐሩር።
ላፕቶፑን ስልክ ጠጋኙ ሹኩር ነው የሸጠልኝ፤
‹ርካሽ ነው፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የጎደለው› አለኝ።
የጎደለው ቅንፍ መዝጊያው! መክፈት እችላለሁ፤
ለመዝጋት ግን ቀድሞ ከተዘጋ ቦታ ገልብጬ አመጣለሁ።
ሁለት ዓመት እንዲያ፣
በተውሶ መዝጊያ፣
ተማርኩኝ።

ከዚያ የኬረላው ባቡራጅ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠኝ።
ሦስት ዓመት የጻፍነው ባንድ ጠዋት ተጣለ፤
‹አዲስ ተገዝቷል› ተባለ።
ባቡራጅ ሻዩን ጨርሶ፣ ‹ልጄ፣ አናጢ መሰልንህ እንዴ?› አለ፣
‹ፀጉር አስተካካይ ነን፤ የቆረጥነው ይበቅላል፤ ደሞዙ ካለ።›

ጦይባን ያገኘኋት ዓርብ ነው፣ ገንዘብ መላኪያው ሰልፍ ላይ፤
‹አንተ ኮምፒውተር የምትነካካው› አለችኝ፣ ‹እስኪ ይህን እይ።›
ብጫ ወረቀት፣ በእስክርቢቶ የተሰመረ፣
አንዳንዱ ቀን በላብ የጠፋ፣ አንዳንዱ የቀረ።
አጅማን ነው ሥራዋ፤ አሮጊት የምታነሣ፣ የምታስተኛ።
‹ሁለት ዓመት ሞላኝ ስላቸው ‘ገና ነሽ’ ይሉኛል፤ ማነው እውነተኛ?
እኔ በኛ እቆጥራለሁ፣ እነሱ በነሱ፤
ሦስት ወሮቼ መሐል ገብተው ወዴት ደረሱ?›

ያን ሌሊት ጀመርኩት። ከድሮው ሥራ ውስጥ
የወራት ሠንጠረዥ ወሰድኩኝ፣ ምንም ሳልለውጥ፤
አሥራ ሁለት ክፍል።
የገባችበትን ቀን ስጽፍ፣ ‹እንዲህ ያለ ወር የለም› አለኝ በቀይ ፊደል።

ጳጉሜን ስድስት ነበር፤ ዘመኑም ሉቃስ፤
በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ብላ የምትመለስ
ቀን። ጦይባ ስነግራት ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ፤
‹እንዲያ ከሆነማ እኔም አልመጣሁማ!
ሻንጣዬን አምጡልኝ፣ ልመለስ ከሚሴ ከተማ።›

ዓመቱን ለአራት አካፍዬ ሦስት ከተረፈኝ
ስድስት፣ አለዚያ አምስት። ሰባት መስመር በቃኝ።
ጠዋት ከወንበሬ ስደርስ አንድ ነገር ከነከነኝ፦
ለቆርቆሮ ቀን ቆጠራ አርባ ሺህ መስመር ጻፍን፤
ለሷ ሰባት ይበቃ ነበር፤ ማንም አልጠየቀን።

አትሜ ሰጠኋት፣ በአረብኛም በአማርኛም፤
የአሮጊቷ ልጅ አነበበው፤ አልተቆጣም።
ሁለቱን ወር ከፈለ፣ ሦስተኛውን ‹ለበዓል› አለ፤
የጳጉሜኗን ስድስት ቀን ግን ‹እኛ ጋ የለችም› ብሎ ዘለለ።
ጦይባም ‹ያንተ ትሁን› አለችኝ፣
‹የድካምህ ዋጋ።› ስድስት ቀን አለኝ፤
እስካሁን አልተጠቀምኩባትም።

ከዚያ ስልክ ለስልክ ሄደ፤ አል ዓይን፣ ዶሃ፣ ሙስካት፤
የማላውቃቸው ሴቶች፣ አሁን መቶ ሰባት።
ስሙን ‹ሒሳቤ› አልኩት። ሳንቲም አያስገባም።
ለአዲስ ሥራ ስፈተን ‹ምን ሠርተሃል?› ሲሉኝ እሱን አልናገርም፤
‹ኮንቴይነር› እላለሁ።

ትናንት ከኩዌት የድምፅ መልእክት መጣ፤ ሎሚናት ትባላለች፤
ከኋላዋ ልብስ ማጠቢያ ያጓራል፣ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤
‹ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ ተበላሽቷል መሰለኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት ነው ይለኛል። እባክህ አስተካክልልኝ።›

ሦስቴ አነበብኩት፤ ቅንፉ ሁሉ ተዘግቷል፤
ሉቃስ በቦታው፣ ጳጉሜን በቦታዋ፤ ይሠራል።
‹እያየሁት ነው› ብዬ ጻፍኩላት።
ነግቷል።