አልተስማሙም ገና

በሚያዝያ አንድ ሰኞ፣ ሃይፋ ወደብ ጀርባ፣
መንጋው እየጮኸ ወደ ግቢው ገባ።
ዞረና ዞረና የካሩብ ዛፍ መረጠ፣
እንደ ሞላ ጆንያ ቅርንጫፍ ጨበጠ።
እኔም ፎርክሊፍቴን አጥፍቼ ወረድኩኝ፣
የመጫኛውን ሰዓት ረስቼ ቆምኩኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣
ሦስት ወር ሞላቸው፤
ስብሰባው ሲወልድ ስብሰባ ሌላ።
መጋዘን ሊዛወር፦ አፉላ ነው? አኮ?
አማካሪ ሄዶ አማካሪ መጣ፣ በሰዓት ነው እኮ!
ሥራ አስኪያጇ ኦርኒት በመስኮት አየች፤
«ዛሬውኑ ይነሳ!» ብላ ደወለች።

ናዚህ ከቀርሜሎስ፣ ድሩዙ ንብ አርቢ፣
ባዶ ቀፎ ይዞ ገባ ወደ ግቢ።
አየ፣ አየና ግን ቀፎውን አኖረ፤
«አልተስማሙም ገና» ብሎ ጀመረ።

«ያቺን ተመልከታት፤ አንድ ስንጥቅ አግኝታ መጥታለች፣
ወገቧን እያወዛወዘች መንገዱን ትነግራለች።
ቤቱ ደህና ከሆነ ደጋግማ፣ መናኛ ከሆነ ጥቂት፤
ሰሚዋ ግን በወሬ አታድርም፣
ሄዳ ታያለች በራሷ ክንፍ፣ በራሷ ፊት።
ያቺም ስትመለስ ጭፈራዋን ትቀንሳለች፤
ደክሟት አይምሰልህ፣
ለሌላዋ ቦታ ትለቃለች።»

«አውራዋስ?» አልኩት።
«አውራዋን ማን ጠየቃት?
ሲነሱ ትነሳለች።»

ማክሰኞ ከሰዓት፣
አንዱ ወገን ሳይዋረድ፣ ሌላው ሳይፎክር፣
ጭፈራው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዘመመ።
መንጋው ሞቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣
አፉ እንደ ተፈታ ጆንያ ወደ ሰማይ ፈሰሰ፤
በተራራው በኩል ሄደ።
ናዚህ ባዶ ቀፎውን ተሸክሞ ሳቀ፣
የድካሙንም አልጠየቀ።

ፎቁ ላይ መብራቱ እንደበራ አመሸ።
እኔ ዘጠኝ ዓመት አኮ እቃ ያወረድኩ፣
የዚያ ግቢ ጓሮ በክረምት ሐይቅ ሲሆን
ጎማዬ ሰጥሞ እዚያው ያደርኩ፣
ማን ጠየቀኝ?
ደግሞስ
እኔ መቼ ተናገርኩ?

ረቡዕ ጠዋት ኦርኒት ብቻዋን ወረደች።
ዛፉን አየች፤ ባዶ።
«ወዴት ሄዱ?» አለች።
እጄን ወደ ተራራው ዘረጋሁ።
ልትመለስ ስትል፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፦
«አኮን በዝናብ አይተሽው ታውቂያለሽ?»
ዝም።
«እንዳላማው አለ ብለሽ አትመኚ፤
ሄደሽ እዪው።»

ጫማዋን አየች።