የአጎቴ ካርታ

ከዴሞይን ስንነዳ፣ በቆሎ ለበቆሎ፣
ጋሽ ይፍሩ ከጎኔ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣
«ከተማው መቼ ነው የሚደረሰው?» አለኝ።
«አለፍነው» አልኩት። አላመነም፤ ዞሮ ገላመጠኝ።
«ያው፣ መብራቱ ጋ፣ የቆምንበት ቦታ፣
ልጅቷ ቫዮሊን አዝላ ስትሻገር በእርጋታ።»
ኋላውን አየ፦ የደወል ማማ ጫፍ፣ የውሃ ጋን በአየር፣
አንድ የጎማ መሸጫ፣ ከዚያ ደግሞ በቆሎ፣ እስከ ሰማይ ድንበር።
አርባ ዓመት የአርሲን መሬት በሰንሰለት የቀየሰ ሰው፣
አንድ ከተማ ሙሉ ሲያመልጠው፣ እንዴት ይቻለው?

እኔ አሥራ አንድ በረዶ አሳልፌአለሁ እዚህ።
ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ የላቦራቶሪ አይጦች ሞግዚት ነኝ፤
ነጫጭ ናቸው፣ ዓይነ ቀይ፤ ሌሊት ነው ተራው የሚደርሰኝ።
ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፦
«እናትሽ ድመት ስታሳድግ ኖራ፣
አንቺ አይጥ ልትቀልቢ ውቅያኖስ ተሻገርሽ!»
ደመወዙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለ።
«እሺ፣ ድመቷ ትቅር» አለ።

ነሐሴ ሲያልቅ ተማሪው ይጎርፋል፣
ፍራሽ በትከሻ፣ መብራት በብብት፤ አባት ከኋላ ዓይኑን ይጠርጋል።
ግንቦት ላይ ይሄዳል፣ ሶፋና መደርደሪያ መንገድ ዳር ጥሎ፤
ከተማው እንደተከፈተ መሳቢያ ይቀራል፣ ቀልሎ።
የኔም ሶፋ የዚያ ትርፍ ነው፤
የማላውቃቸው ልጆች የተቃቀፉበት ላይ ነው ራቴን የምበላው።
መንገዴ ሁለት ነው፦ ከቤት ወደ አይጦቹ፣ ከአይጦቹ ወደ ቤት።
ሰው ሳገኝ «ሃይ» እላለሁ፤ እሱም «ሃይ»፤ አበቃ፣ እስከ ዓመት።

ጋሽ ይፍሩ ግን በነጋታው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ደብተሩን በኪሱ፣ እርሳሱን በጆሮው፣ ወጣ ሊቀይስ መንገድ።
እርምጃው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ናት፣ በሥራ የተገራች፤
ሽቅብ አታጥር፣ ቁልቁል አትረዝም፤ ባለቤቷ ቢያረጅ እሷ አላረጀች።
እንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ነው፣ እና «ሃው ማች»።
በሁለቱ ፀጉር አስተካካዩ ሃልቨርሰን ዘንድ ገባ፤
ተላጭቶ ሂሳብ ቢጠይቅ፣ ሰውዬው እጁን አራገበ፣ ተወው አለው።
በሁለቱ የድንጋይ መምህሯ፣ ማሪት፣ ወንዝ ወስዳ ቋጥኝ አሳየችው፤
የቋጥኙን ዕድሜ በጣቶቿ ልትነግረው ጀምራ፣
ጣት ሲያንሳት ትታው፣ ሁለቱም ሳቁ፣ ምሳ በሉ በጋራ።
ቅዳሜ፣ የኳስ ቀን፣ አገሩ በሙሉ ጥቁር ማሊያ ለብሶ
ወደ ስታዲየም ሲተም አይቶ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ድምፁን ቀንሶ፦
«ማን ሞቶ ነው?»

በሦስተኛው ሳምንት፣ የዘር ድርጅት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣
ከተማው በእርሳስ ወጣ፣ በልኩ፤ አጠገቡ ተኝቼ ሳላይ።
«የማይጮህ ውሻ።»
«ቀን መብራት የማያጠፉ ሴትዮ።»
«ኦክስጅን የሚጎትተው ሰውዬ አግዳሚ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ አለው።»
«ከፖስታ ቤት እስከ ድልድይ፣ ሰባት መቶ አራት።»
የወንዙን ስም አልጻፈም። «ወንዝ» ነው ያለው፤
አንድ ስለሆነ ሰው አያሳስትም።

ሄደ። በሳምንቱ ቴምብር ልገዛ ብሄድ፣
ፖስታ ቤቷ ሴት፣ ደረቷ ላይ «ሎርና» የሚል፣
አድራሻውን አየችና፦ «ሚስተር ይፍሩ ደህና ገባ?
ጉልበቱስ? የግራው?»
ጉልበቱን እንደሚያመው አላውቅም ነበር።
ፖስታውን እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፦
«አንቺስ፣ ለጉብኝት ነው የመጣሽ?»

ማታ ካርታውን ዘርግቼ ቤቴን ፈለግሁ።
ትንሽ አራት ማዕዘን ነው፤ እርሳሱ እዚያ ጋ ጠበቅ ብሏል፦
«የወንድሜ ልጅ ቤት። ማታ ሰው የለም።
እስከ አይጦቹ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ሥራ ስወጣ ቆጠርኩ። የኔ እርምጃ አጭር ነው፣ አይገጥምም።
አራት መቶ ምናምን ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ሃልቨርሰን መጋረጃውን ሲያወርድ፣ አየኝና ቆም ብሎ
የሌለ ባርኔጣ አነሳልኝ፣ ልክ እንደ አጎቴ፣ ዘንበል ብሎ።
ቁጥሩ ጠፋኝ።
አይጦቹ አምስት ደቂቃ ይታገሱ አልኩና
ተሻገርኩ።