ቁጥር ሠላሳ አንድ

ባሕሩ እየወጣ፣ መሬቱ እየወረደ፣
በፔካሎንጋን ሰፈር ስንቱ ደጃፍ ሄደ።
ከሰማራንግ መጣች ራትሪ በባቡር፣
ጫማዋን አውልቃ ቦርሳዋ ላይ ስታስር፤
አርባ ሁለት ጥያቄ፣ ሁሉም ባለ ቁጥር።

የጥናቷ ርዕስ ሦስት መስመር ይፈጃል፦
ዘላቂነት አለ፣ ሥራ ፈጠራ አለ፣
የቴክኖሎጂ ትምህርት ጭራው ላይ ተንጠልጥሏል።
አማካሪዋ ፊት ስታነበው ያምራል፤
እዚህ፣ ውኃ መሐል፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል።

ዋርሲናህ በር ላይ አጎንብሰው ቆመው፣
"ግቢ ልጄ" አሏት፣ "አንገትሽን ስበሪው፤
ቤቱ አላጠረም፣ ወለሉ ነው ያደገው።"
በየሦስት ዓመቱ አፈር ያስደፋሉ፣
ውኃው ሲከተላቸው ከፍ ከፍ ይላሉ፤
ጣሪያው ቁልቁል መጣ፣ መስኮቱ ጉልበት ጋ፣
የሟች ባላቸው ፎቶ ጣሪያው ሥር ተጠጋ።

ምድጃው ላይ ሰም፣ በእጃቸው ቀጭን ብዕር፣
የመዳብ አፍንጫው ጨርቁን ሲቆረቁር፣
መስመር ላይ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ ላይ መስመር።

ራትሪ ጀመረች። "ጥያቄ አሥራ ሰባት፦
የሥራዎን ዘላቂነት ከአንድ እስከ አምስት ቢለኩት?
አንድ በጣም ዝቅተኛ፣ አምስት በጣም ከፍተኛ።"
ሳቅ አሉ። "ከፍተኛስ ውኃው ነው፣ ዝቅተኞቹ እኛ።

ደግሞስ ዘላቂ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?
ከአያቴ ጀምሮ ሰም አልጠፋም ከደጄ።
ያጠብኩበት ወንዝ ግን ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ደግሞ ቀይ፤
ዓሣው ያለቀው በማን ነው? በእኔም አይደለም ወይ?
ይኸው እጄ ነው የሚያበላኝ፣ ይኸው እጄ የሚያጠፋኝ፤
ይህን የምትጽፊበት ሳጥን ካለሽ አሳዪኝ።"

ሳጥን አልነበራትም።
ኅዳጉ ላይ ጫረች፣ በእርሳስ፣ አሳንሳ።
ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ የጥናት ደንብ ነው፤
ዋርሲናህ ቀሩላት ሠላሳ አንድ ሆነው።

ልጃቸው ተጋር፣ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ፣
ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ሞተሩን ፈትቶ፣
የሩዝ ገለባ ከሰል በርሜል ውስጥ ሞልቶ፣
የቀለም ማጣሪያ ሠራ። ውኃው ሲደፈርስ ቀይ መብራት ይበራል፣
ሲጠራ አረንጓዴ። መብራት ባለ ቀን ይሠራል።
በአውራጃው ውድድር ሦስተኛ ወጣና፣
ሰርተፍኬት ሰጡት፣ ጭብጨባ፣ ምስጋና፤
"የራስህን ኩባንያ ክፈት" አሉት ገና።
ባትሪው ሲሞት ግን የሚገዛ ጠፋ፤
ሰርተፍኬቱ አለ፣ ከአባቱ ፎቶ ጎን
ከወለሉ ጋራ ወደ ላይ ሲገፋ።

"ምን ተማርክ?" አለችው።
"ብየዳ። ሴንሰር። የንግድ ዕቅድ፣ አምስት ገጽ፣ በሠንጠረዥ፣ በዓይነቱ፤
ውኃው ቤቴ ገባ እንጂ ሒሳቤ ውስጥ አልገባም፤ አልነበረም ቤቱ።"

ሰማራንግ። ጥቅምት። የሚያንገፈግፍ የአየር ማቀዝቀዣ።
ፕሮፌሰር ሃርጆኖ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣
"መቶ አርባ ስድስት ነጥብ መስመሩ ላይ ተኝቷል፤
ይቺ አንዷ ምንድን ናት? ብቻዋን ወጥታለች፤
ሰርዣት፣ ሞዴልሽን ታበላሽብሻለች።"

ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ።
ያን ዕለት ከመሄዷ ጨርቁ ሲቀቀል አይታለች፦
ሰሙ ከጨርቁ ተላቆ ፈላው ላይ ሲንሳፈፍ፣
ዋርሲናህ በማንኪያ እያነሡ ሲቀፉ፣ አንዲት ጠብታ ሳታልፍ።
"ይጣላል?" ብላ ነበር።
"ምን ሲደረግ! ለነገው ጨርቅ ነው፤ ሰም አይረጅም።"
ወርቁን ሁሉ ይሻል፤ ሰሙን የሚለቅም
ስንት ሰው አለ? ይህም ጥያቄ ነው፤ ከአርባ ሁለቱ ግን የለም።

አልሰረዘቻትም።
እውነቱን ለመናገር፣ አልደፈረችምም።
ከሠንጠረዡ አወጣቻቸው፣
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ግርጌ ማስታወሻ አደረገቻቸው፤
በደቃቅ ፊደል፣ ከመስመሩ በታች፣
ውኃ ሲመጣ
መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ።