ቁጥር ሰባት

ከናጎያ መጣሁ በማለዳው ባቡር፣
ነጭ ጓንት በኪሴ፣ በቦርሳዬ አጉሊ መነጽር።
ሳካይ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ቤት፣
ባሏ ቴሩጂ የሞተባት ሴት
በሩን ከፈተች። «አንተ ነህ?» አለችኝ፤
«ሮቦቶቹን የምትገዛው?»
                    አዎ፣ እኔ ነኝ።

ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረው ሣጥኖች፣
አርባ አንድ እሽጎች፣ አርባ አንድ ጀግኖች፤
ዓርብ ዓርብ ከራት በፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር
ጉልበቴን አቅፌ ያየኋቸው ከ«ሃያቶራ» ጦር፣
ጎማው ትከሻ ሲሆን፣ መስኮቱ ደረት።
ያኔ እናቴን ብለምናት፣ «ፕላስቲክ አይሆንም ራት»
ብላኝ ነበር። ይኸው ሃምሳ ሁለት ሞላኝ፣
ያ ራት ያልሆነ ፕላስቲክ ረሃቡ ግን አልለቀቀኝ።

«የሐዲድ ሠራተኛ ነበር» አለች ወይዘሮ ሚሳኦ፤
«ሌሊቱን ብሎን ሲያጠብቅ አድሮ፣
ጎህ ሲቀድ ይመጣል። እጁን ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣
እዚህ ይቀመጥና ሻዩን ይጠጣል።
ሣጥኖቹን ያያል። ያያል እንጂ አይነካም፤
የአንዱ ካርቶን ከታጠፈ፣ ሆዱ ሳይታጠፍ አይቀርም።
ልጅ አልወለድንም። ሲቀልድብን ጎረቤት፣
‹አርባ አንድ ወለዳችሁ› ይላል፣ ‹ሁሉም እንደታሸጉ በካርቶን ቤት›።»

ጓንቴን አጠለቅሁ። የጠርዙን ስንጥቅ፣
ፀሐይ የበላውን ቀለም አንድ በአንድ ስጠይቅ፣
ዋጋውን በልቤ ስደምር ስቀንስ፣
ጣቴ ከቁጥር ሰባት ሲደርስ
ቆመ።
ቴፑ አንዴ ተልጦ ተመልሶ የተለጠፈ ነው፤
ለዓይን አይታይም፣ ያስታውቃል ጥፍር ሲነካው።
«ወይዘሮ፣ ይህ ተከፍቷል፤ ዋጋው በግማሽ ወረደ።»
እንደ ሰረቀች ልጅ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ወደ ምንጣፉ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለች። «በጥር ብርድ፣ እሱ ለሥራ ወጥቶ፣
እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ፣ ማሞቂያው ጋዙ አልቆ ጠፍቶ፣
ይኼ ሰው ከእኔ ይልቅ የሚያየው ምን ይሆን ብዬ ከፈትኩት፤
መመሪያው ሥዕል ብቻ ነው፣ ትቼው በእጄ ጠየቅኩት።
ሦስት ጥር አብረን አመሸን። ኋላ እኔም ሥራ ያዝኩና
ቴፑን ለጥፌ መለስኩት፣ ለዚያ ሁሉ ሌሊት ሳልል እንኳ ‹ደኅና›።»

ይህን ብላ ከሣጥኑ አወጣች ቢጫ ክሬን መኪና፤
መነጽር አላደረገችም፣ ጣቶቿ ያውቃሉና።
ጎማ ወደ ውስጥ፣ ቀጭ። ክንድ ወደ ላይ፣ ቀጭ። ወገብ ዞረ፤
ኋላው ለሁለት ተከፍሎ እግር ሆነ፤ ራስ ብቅ አለ፣ ቆመ፣ ኖረ።
እኔ ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩ፣ ሁሉንም በስሙ የማውቅ፣
በሰው እጅ ሲለወጥ ግን አይቼ አላውቅ።

አጉሊ መነጽሬን አስጠጋሁ ደረቱ ላይ፤
ቀይ ኮከብ፣ ጥቁር መስመር፣ ከጎኑ ሰባት ሲታይ፣
በመቆንጠጫ የተለጠፈ፣ አንዱም ያልዘነበለ።
«እጅዎን ይባርከው» አልኳት፣ «ተለጣፊው እንዴት ያለ!»

ዝም አለች። አዞረችው ወደ መስኮቱ ብርሃን።
«ተለጣፊ? እኔ እኮ አልላጥኩም፤ ወረቀቱን
እንዳለ ነው የመለስኩት።»
                    ሣጥኑን ደፋሁ። ፎሙ ወጣ፣
መመሪያው ወጣ፤ የተለጣፊውም ወረቀት፣ ባዶ፣ ገላጣ፣
ጥጉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ ጥቁር፣ የሐዲድ ቅባት፣
ሦስት ጊዜ ታጥቦ እንኳ ሳሙና ያልደረሰባት።

«ቀን እኔ ሥራ ስውል ነው! አየኸው፣ ያ ሌባ!» አለች፤
ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ፤ መልሳ ገጥማው ሳቀች።

አርባውን በሙሉ ዋጋ ገዛሁ፤
ሰባተኛውን ለወጉ ያህል እንኳ አልጠየቅሁ።
ሠላሳ ዘጠኙን በጭነት፣ አንዱን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።
ከደረጃው ላይ ሰማሁ፦
ቀጭ፣ ጎማ። ቀጭ፣ ክንድ። ወገብ።
                    ፎቁን እየቆጠርኩ ወረድኩ።
ባቡሩ ሲነሣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣
ጓንቴን አወለቅኩ።