ተራ ቁጥር ሰባት

ማክሰኞ ምሽት ነው፤ በድራቫ ዳር ዝናቡ አልቆመም፤
ከዘጠኝ አባላት አንዱ ገና አልመጣም።
የማሞቂያው ቱቦ ያንኳኳል እንደ እንግዳ፤
የቆሻሻ ገንዳ፣
ያልተከፈለ ዕዳ፣
የመቃብሩ አጥር፣ ለበረዶ የሚበተን ጨው፤
እጅ ወጣ፣ እጅ ወረደ፣ አለፈ እንዲያው።

ተራ ቁጥር ሰባት፦ አንዲት አግዳሚ ወንበር፤
አውቶቡሱ ከቀረባት ዓመት አልፏት ነበር።
«ትነሣ» አለ አንዱ፣ «መስመሩ ተሰርዟል፤
ማንን ትጠብቃለች? ቀለሟም ተላጧል።»
ከንቲባዋ ዝዴንካ መነጽሯን አወለቀች፤
«ሽማግሌው ሲልቮ ታዲያ የት ይቀመጥ?» አለች።

ከቀትር በኋላ፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣
ይቀመጣል እዚያ ባዶውን የጉዞ ሰሌዳ ተደግፎ።
አውቶቡስ መቼ ሆነና እሱ የሚጠብቀው፣
የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ «እንዴት ዋሉ?» እንዲለው ነው።

ሒሳብ ሹሙ ጉሮሮውን ጠርጎ ደብተሩን ገለጠ፤
«ግማሽ ቆርቆሮ አረንጓዴ ከአጥሩ ተርፏል» ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ አልጻፍኩም፤
«በአንድ ድምፅ ተወሰነ፦ ወንበሯ አትነሣም።»
«ምክንያት» ከሚለው ፊት ብዕሬ ቢያመነታ፣
«አገልግሎት ላይ ነች» ብዬ ሞላሁት ባዶውን ቦታ።

ዘጠነኛው ያኔ ገባ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፤
«ደግሞ ምን አለፈ?»
«ወንበር» አልነው።
ቀጥሎ፣ ስምንት፦ የውሻ ግብር።