ጆሮውን ብቻ

ስድስት ሰው ይጫናል ጀልባዬ በደህና፣
ዛሬ ስምንት አሉኝ፣ ቅዳሜ ነውና።
መምህራን ናቸው፣ ከማርቆስ የመጡ፣
ሰደርያ ታጥቀው ቦታ የሚያማርጡ።
አንዲት ፈረንጅ አለች፣ ጸጉሯ ጥጥ የመሰለ፣
መነጽር አንገቷ ላይ፣ ከባድ፣ የተንጠለጠለ።

ሳይቀመጡ ገና አንድ ነው ጥያቄ፦
"ጉማሬ እናያለን?" እመልሳለሁ ስቄ፣
"እናያለን" እላለሁ፤ ምን ልበል ሌላ፣
ገንዘቡ ተቆጥሮ ከኪሴ ከገባ በኋላ?

ገመዱን ሳብሁ።
ጣና በዚህ ሰዓት የረጋ እርጎ ነው፣
የጀልባዬ አፍንጫ ነው የሚቆርሰው።
በቀኜ ከተማው፣ ዘንባባው፣ ሆቴሉ፣
ከኋላዬ ዘጌ፣ ጭጋግ ለብሶ ሙሉ።

"ያ ፔሊካን ይባላል፣ ከረጢት ነው መንጋጋው፤
ዓሣ ሲበለት ይመጣል፣ ሆድ ዕቃው ነው ዋጋው።
ያ ደግሞ ንስር ነው፣ ራሱ የነጣ፤
ሲጮህ አንገቱን ወደ ጀርባው የሚጥል፣
እንደ ከሳሽ፣ ሽቅብ፣ አቤት ሊል የመጣ።"

መምህራኑ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣
"ይሄስ ምን ይባላል? ያስ?" ይባባላሉ።
ስም አለኝ ለሁሉ።
ለጉማሬዎቹም እኔው ነኝ ስም ያወጣሁ፦
ጆሮው የተበላውን "ፊታውራሪ" አልሁ፣
ግልገሏን የማትለቀውን፣ እናቲቱን፣ "ጥሩዬ"፣
ቀኑን ሙሉ የሚያዛጋውን "የቀበሌ ዘበኛ" ብዬ።

ዓባይ ከጣና አፍ የሚሾልክበት፣
ደንገል ግራ ቀኙን አጥር የሆነበት፣
እዚያ ነው ቤታቸው። ሞተሩን አጠፋሁ።
"ዝም በሉ" አልሁ።

ሩብ ሰዓት።
እምቦጭ፣ አንድ ክምር፣ ተንሳፎ አለፈ፣
አንዱ አስነጠሰ፣ አንዱ ለፈለፈ።

መምህር ልየው ግን፣ የታሪክ መምህሩ፣
ጠጋ አለ ወደ ጆሮዬ፣ ዝግ ብሎ በአነጋገሩ፦
"ይማም፣ የእናንተ ሰዎች፣ ነገደ ወይጦ፣ ይሉ የለም?
ይበሉት ነበር አሉ። እውነት ነው? ለክፋት አይደለም።"

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት፣
ለእኔ ብቻ ጣሳ ነበረ፣ ማንም የማይጠጣበት።

"አያቴ ይበላ ነበር" አልሁት፣ ድምፄን ሳልቀንስ፤
"በደንገል ታንኳ ወጥቶ፣ ጦሩ ቀንቶት ሲመለስ
ሰፈር ሙሉ ይጠግባል። ቆዳው ጅራፍ ይሆናል፤
ጅራፉም ያው 'ጉማሬ' ይባላል፤
ያንተስ አያት ሳይገዛው፣ በሬ ሳይነዳበት ይቀራል?"

ሳቀ መምህሩ። ከዚያ አልሳቀም።
ያልነገርሁት አለ፤ ለተሳፋሪ አልናገርም፦

ቋንቋ ነበረን የራሳችን። ሞተ። አያቴም አላወቀው፤
አባቱ ግን፣ ውሃው ዳር ቆሞ፣ ይህን አውሬ በስሙ ሲጠራው
አንድ ጊዜ ሰምቷል።
አንድ ጊዜ ብቻ።
ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ ከመደቡ ተነስቶ፣
ከንፈሩን እያላወሰ፣ ያን ስም ፈልጎ፣ ፈላልጎ፣ አጥቶ፣
"ጉማሬ አይደለም" አለኝ። "ሌላ ነው። አጭር ነው።
መጀመሪያው ላይ ትንፋሽ አለው።"

ታንኳው ሙዚየም ገባ፣ ጦሩም ለጌጥ ተሽጧል፤
ከርስቱ ሁሉ ለእኔ አንድ ትንፋሽ ደርሶኛል።

ያኔ ነው ውሃው ያበጠ።
መጀመሪያ ጆሮ፤ ሁለት፤ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ።
ከዚያ ዓይን።
ከዚያ ምንም።

"ጆሮውን ብቻ?" አለች አንዷ፣ ስልኳን አንስታ፣
"ለዚህ ነው የከፈልነው?" ከልቧ ተከፍታ።
ምን ልበላት? በሬ የሚያህል ሥጋ፣ የሦስት በሬ፣
ከእግሯ ሥር አለ፤ አይወጣም ለወሬ።

ፈረንጅዋ ግን መነጽሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣
ዓይኗን ጨፈነች።

ፊታውራሪ ተነፈሰ፦
ህፍፍ።
ጤዛው ፊታችንን አራሰ።

እኔም አፌን ከፍቼ፣ መቅዘፊያው እጄ ላይ እንዳለ፣
ከትንፋሹ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ፣
አለ፣ ወይም የለ።

ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። ውሃው ተመልሶ ገጠመ።
አንድ ልጅ እግር መምህር እርሳሱን ይዞ፣ "ምን ነበር ያልከው?" ብሎ ደገመ።

"ጉማሬ" አልሁት። "ጉማሬ ነው፤ ጻፍ።"